ለባቡሩ የያዝናት ጀሪካን

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የአያቶቻችሁን ዘመን እንዳይመስላችሁ። በእኛ ጊዜ ማለት አምና ሚያዝያ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔ ደህና ሰው ነበርሁ፤ ያረጀሁት በአንድ ጠዋት ነው፣ እሱም ባቡር ጣቢያ ላይ። ውባለም፣ ያንን ስልክሽን ጠጋ አድርጊው፣ የአጎትሽ ውርደት ተቀድቶ ይቀመጥ። "ይቺ በየወሩ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የምትላከው የሃይላንድ ጠበል ለማን ናት?" ብላችሁ አይደል የጠየቃችሁኝ? ይታይሽ ገበያ ሄዳለች?

"ሄደዋል፣ አያ ደምሴ።"

እርግጠኛ ነሽ? በሩን ገርበብ አድርጊውማ። ሚስቴ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አታውቅም። እግዜር ያውቃል፣ ወንድሟ ፈንታ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ጣቢያው ላይ ተሰልፎ የነበረው ሕዝብ በሙሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። እንዲህ ነው እንግዲህ ምሥጢር መጠበቅ።

ልጄ አለልኝ የሚሠራው ድሬዳዋ ነው፤ ሚስትም ያገኘው እዚያው ነው፣ ሠርጉም እዚያው ሆነ። ታዲያ ደወለልኝና "አባዬ፣ ና። ግን አደራህን፣ እኔን መርቀኝ" አለኝ። "ታዲያ ማንን ልመርቅ ኖሯል?" አልሁት። ለምን አደራ እንዳለኝ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ አትሳቁ። የእህቱ ሠርግ ጊዜ፣ የጁቤ ላይ፣ አረቄዋን እንዲያው ትንሽ አብዝቻት፣ ሙሽሮቹ ጉልበቴን ሊስሙ ሲመጡ ሙሽራውን ትቼ ሚዜውን መረቅሁት። "ውለድ፣ ክበድ፣ ከልጄ ጋር አርጅ" አልሁት፣ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ። ሚዜውም ጨዋ ልጅ ነውና "አሜን" አለኝ። ሙሽራው አጠገቡ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ያ ሚዜ በዓመቱ መንታ ወለደ አሉ። ምርቃቴስ ይደርሳል፣ አድራሻው ነው የጠፋው።

ታዲያ ይታይሽ እጄን ይዛ ንስሐ አባቴ ዘንድ ወሰደችኝ፣ እና ልጄን እስክመርቅ ድረስ ጠብታ አረቄ ላልቀምስ ተገዘትሁ። እሷ ራሷ ድሬዳዋ አትሄድም፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን እዚህ ብቸና ቅልቅል ስላለ ድግሱን ልትጥድ ቀርታለች። እና ከእኔ ጋር ማን ይሂድ? "ወንድሜ ፈንታ ከሞጣ መጥቶ ይሂድ" አለች። ጠባቂ ሰጠችኝ ማለት ነው። ድመትን ወተት ጠብቂ እንደ ማለት ያለ ጠባቂ።

ፈንታ እንግዲህ፣ ለማታውቁት፣ ሕግ ያለው ሰው ነው። መንገድ ላይ የሰው መጠጥ አይጠጣም። ከሞጣ ግንደወይን ድረስ ለምትሆን መንገድ እንኳ የራሱን ይዞ ነው የሚሳፈር። "የማላውቃት ሴት ያወጣችውን አረቄ ጠጥቼ ብሞት ማንን ልከስ ነው?" ይላል። የሚስቱን አረቄ ጠጥቶ ቢሞት ማንን እንደሚከስ ጠይቄው አላውቅም። ታዲያ ከአዲስ አበባ ወዲያ በባቡር እንደምንሄድ ሲሰማ ስልኬን ሊሰብራት ደረሰ።

"ደምሴ! ባቡሩ ውስጥ ጠረጴዛ አለ አሉ! መስኮቱ ሥር! ጠረጴዛ!"

"ይኑር፣ ታዲያ?"

"ለምን ይመስልሃል? መለኪያ ለማስቀመጥ ነዋ! አይናጥ፣ አያንገጫግጭ። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ስንወርድ ስንት መለኪያ ነው ጭኔ ላይ የተደፋብኝ? በል መንግሥት አሰበልን!"

አያችሁ፣ ያ ሁሉ ሐዲድ የተዘረጋው፣ ያ ሁሉ ተራራ የተቆፈረው ለፈንታ መለኪያ ነው። "እኔ እኮ ተገዝቻለሁ" አልሁት። "የተገዘትኸው ብቸና ላይ ነው፤ ባቡሩ የሚሄደው ወዲያ ማዶ ነው" አለኝ። እና እውነቱን ልንገራችሁ? ነገሩ ልክ መሰለኝ። ሁለት መለኪያ ብቻ፣ ድሬዳዋ እስክንደርስ ከሙቀቱ ጋር ይተናል ብዬ አሰብሁ። ሰው ሲፈልግ እንዴት ያለ ሊቅ ነው!

በመጣ ጊዜ ቢጫ ጀሪካን ይዟል፣ ክዳኗን በሰም አሽጓታል፣ ሁለቱን መለኪያ ካልሲ ውስጥ ከቷል። ይታይሽ ደጃፍ ላይ ተቀበለችውና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወንድም ጋሼ?" አለችው። ፈንታ ዓይኑን እንኳ አላሸም። "ጠበል ነው። የጊዮርጊስ። ለሙሽሮቹ" አላት። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እሷ ጀሪካኗን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመቻት። ሳመችና ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ክዳኑ ላይ አስጠግታ፣ ረጅም ጸሎት አንሾካሾከች። አልሰማሁትም እንጂ ዘለግ ያለ ነው። ከዚያ አዲስ ነጠላ አውጥታ ጠቀለለቻትና እንደ ሕፃን አሳቀፈችኝ። እና ፈንታ ምን ቢል ደስ ይላችኋል? "አሜን" አለ። አሜን!

ታዲያ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብተን፣ አድረን፣ በነጋው ጣቢያው ደረስን። ሰልፍ ነው፣ ፍተሻ ነው። እቃ የምትፈትሸው ልጅ የደንብ ልብስ የለበሰች፣ ፊቷ ላይ ቀልድ የሚባል የሌለባት ናት። ነጠላውን ገለጥ አደረገችው።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጠበል!" አለ ፈንታ ከኋላዬ፣ የተጠየቅሁት እኔ።

"መጠጥ አይገባም። ውሃም ቢሆን ቀምሳችሁ ነው የምታስገቡት። ይክፈቱና ይቅመሱት።"

እኔ ላብ አጠመቀኝ። ብቀምሰው ግዝቴ ፈረሰ፣ ባልቀምሰው ተያዝን። ፈንታ ግን "እንዴ ልጄ፣ ጠበል ተበልቶ ይቀመሳል? እኛኮ ጠዋት ፍርፍር በልተናል!" አላት። ያ ጾም ሲገባና ሲወጣ ከእህቱ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው፣ ያን ቀን መምህር ሆኖ ዋለ።

ታዲያ የልጅቱ ፊት ተለወጠ። አማተበች። "እውነትዎን ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። የየት ነው?" አለች፣ ድምጿ ሁሉ ሌላ ሆኖ። "የጎጃም። የጊዮርጊስ" አላት ፈንታ። ይሄኔ ዝቅ ብላ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ "አባባ፣ እናቴ እግሯ ተይዞ ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው። ያልወሰድኳት ቦታ የለም። ትንሽ ቢቀዱልኝ፣ ለእሷ?" አለችኝ። ሮጣ ሄዳ ባዶ ሃይላንድ አመጣች፣ እና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

ፈንታ በጆሮዬ "ቅዳላት" ይለኛል። "አረቄ ለእግር ፍቱን ነው። ማሸት ነው እንጂ!"

"ሴትዮዋ በባዶ ሆዷ ብትጠጣውስ?"

"ታዲያ ተነስታ ትጨፍራለቻ!"

እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። የልጅቱን እጅ አየሁት፣ ሃይላንዷን እንዴት እንደያዘቻት አየሁት፣ እና አፈርሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የጁቤ ላይ እንኳ ያፈርሁት በማግስቱ ሲነግሩኝ ነው።

"ልጄ፣ ይሄ አረቄ ነው" አልኋት።

ፈገግ አለች። "አባባ፣ ሰስተው ነው አይደል? እኔ እኮ ክዳን ሙሉ ይበቃኛል።"

"አረቄ ነው ልጄ። በእውነት አረቄ ነው።"

"እሺ፣ ጠብታም ትሁን" አለች፣ እና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስንት ዘመን ዋሽቼ ታምኛለሁ፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ከኋላ የተሰለፈች ሴትዮ ደግሞ "ኧረ ምን ዓይነት ሽማግሌ ናቸው! ጠበል ይሰሰታል? የታመመ ሰው እየተባለ!" ብላ ጮኸች። ሌላውም "አይ የዛሬ ሰው!" አለ። ሰልፉ በሙሉ በእኔ ላይ ተነሳ። እኔም ምን ላድርግ፣ ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁና ክዳኑን ከፈትሁት።

የፈንታ ሚስት እንግዲህ አረቄ ስታወጣ አትቀልድም። ሽታው ጣቢያውን ሞላው። ከዚያ ከሰልፉ ጫፍ አንዱ ጎረምሳ "አባባ፣ የየትኛው ደብር ነው? እኛም እንጠመቅ!" ብሎ ሲጮህ አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ያች ስትሰድበኝ የነበረች ሴትዮ መቀነቷን ይዛ ነው የሳቀችው።

ልጅቱ ግን አልሳቀች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ሃይላንዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ለእናቴ ሊሰጧት ነበር?" አለችኝ።

"የለም ልጄ። ለዚህ እኮ ነው የነገርሁሽ።"

"እኔ ባልጠይቅዎትስ?"

ክዳኑን መልሼ ገጠምሁት።

አለቃዋ መጣና ይደፋ አለ፣ ተደፋ። ፈንታ ቧንቧው ሥር ቆሞ አረቄዋ ስትወርድ ነጠላ አዘቅዝቆ አየ፤ አክስቱ ስትቀበር እንደዚያ ሲያዝን አላየሁትም። እኔ የልጅቱን ስልክ ቁጥር ለምኜ ተቀበልሁ። "እውነተኛውን እልክልሻለሁ" አልኋት። "እሺ" አለች፣ እንዳላመነችኝ ያስታውቃል። ባዶዋን ጀሪካን ሰጠችኝና ገባን።

ጠረጴዛው ግን እውነትም አለ! መስኮቱ ሥር፣ ልክ እንደተባለው። ፈንታ ሁለቱን መለኪያ ከካልሲው አወጣና ደረደራቸው። ባዶ ናቸው። እያያቸው ተቀመጠ። ባቡሩም እንዳለው አይናጥም፤ አንዷ እንኳ ንቅንቅ አላለችም። "አየህ? ጠብ አይልም ነበር" ይለኛል፣ በየጣቢያው።

ከፊታችን የተቀመጠው ደግሞ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው ነው፣ የሻይ ፔርሙስ ይዟል። እየቀዳ እፍ እያለ ይጠጣል። ሻይ ነው እንዳልል እንፋሎት የለው፣ ሽታው ውስኪ ነው። በፍተሻው በክብር ያለፈ ውስኪ! ለካ ከረባት ማሰር ነበረብን። አየንና "ሻይ ልቅዳላችሁ?" አለን። ፈንታ፣ ያ መንገድ ላይ የሰው መጠጥ የማይጠጣው፣ ያ ሕግ ያለው ሰው፣ "ማን ያወጣው ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ፋብሪካ" አለው ሰውዬው። "እንግዲያው ሴት አላወጣችውም ማለት ነው" አለና መለኪያውን አቀረበ። ድሬዳዋ እስክንገባ ከፔርሙሱ ሥር አላነሳትም።

ለእኔም ተቀዳልኝ። ከፊቴ ተቀመጠች፣ ሞልታ፣ ሳትነቃነቅ። ደርሼ ላነሳት ስል "እኔ ባልጠይቅዎትስ?" የሚለው በጆሮዬ ይመጣል። እና ወደ ፈንታ ገፋኋት። ያን ቀን ሙሉ ሜዳና ግራር ስቆጥር ዋልሁ፤ እንደዚያ ረጅም መንገድ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ስንወርድ አለልኝ ቆሞ ይጠብቀናል። አቀፈኝ፣ እና አንገቴ ሥር ገብቶ ማሽተቱን አወቅሁት። የገዛ ልጄ አሸተተኝ! ልቆጣ ነበር። ግን አለቀቀኝም፣ ይዞኝ ቆየ፣ "አባዬ" ብቻ አለኝ። በማግስቱ ጉልበቴን ሲስሙ እሱን መረቅሁት፣ ሚስቱን መረቅሁ፣ በስማቸው፣ አንድ ቃል ሳልስት። ፈንታ ደግሞ ካሜራ የያዘውን ልጅ መረቀው።

ስመለስ ይታይሽ "ጠበሉን ረጫችሁላቸው?" አለችኝ። "መንገድ ላይ አንዲት የተቸገረች ልጅ አገኘንና እዚያው ቀረ" አልኋት። ውሸት ነው እንዴ? አይደለም! እሷም "እሰይ፣ ለተቸገረ ከሆነ" አለች። በሳምንቱ ለጊዮርጊስ አዲስ የወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባች። "ምን ሆነሽ ነው?" ብላት "ስለቴ ደረሰልኝ" አለች። ልጇን ለወግ ለማዕረግ በማብቃቷ ነው እንግዲህ፣ እናት አይደለች። እኔም ከዚያ ወዲህ በየወሩ እውነተኛውን ጠበል ለልጅቱ እልካለሁ። ባለፈው ስትደውል እናቷ በምርኩዝ ደጃፍ ድረስ ወጥታለች አለችኝ። የጠበሉ ይሁን የሐኪሙ እንጃ፤ የእኛ አረቄ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። እና ይኸው ነው። ለይታይሽ ብቻ እንዳትነግሩብኝ።

"አያ ደምሴ... እትዬ ይታይሽ በሩ ላይ ቆመዋል።"

"ይጨርሱት እንጂ አንቱ፣ ምን አቋረጠዎት? የረሳሁት ዘንቢል ባይመልሰኝ ይሄ ሁሉ ጨዋታ አምልጦኝ ነበር።"

ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?

"ከጀሪካኗ ጀምሮ። የፈንታ ሚስት አረቄ በሰም ቢታሸግ ሽታው የሚደበቅ መሰለዎት? ስስማት አፍንጫዬን አቃጠለኝ።"

ታዲያ እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ ጸሎት የጸለይሽው? ምን ብለሽ?

"'ጊዮርጊስ ሆይ፣ ባቡሩ ላይ ሳይወጡ አስይዝልኝ' ብዬ ነዋ! ጃንጥላውን ለምን ያስገባሁ መሰለዎት?"