ምራቅ የፈተነው ማኅተም

መርሳ ከተማ ሥዕል ሳስተምር ጦርነቱ ትምህርት ቤታችንን ባዶ አስቀረው፤ ማኅተሙ እንኳ ተዘርፏል። ልጆቹ ደግሞ ደሴ ሄደው ለመማር ማኅተም ያለበት መሸኛ ያስፈልጋቸው ነበር። እኔም የተቀዳደዱትን ደብተሮች ዘፍዝፌ ወቀጥኩና በወንፊት ወረቀት አወጣሁ። ሳይደርቅ፣ የማኅተማችንን ቅርጽ የቆረጥኩበትን ፕላስቲክ ከላይ አነጠፍኩና ከሰማያዊ የደብተር ሽፋን እንደ ሊጥ ያቦካሁትን የወረቀት ጭቃ በቀዳዳው አፈሰስኩ። ወረቀቱና ሰማያዊው ማኅተም አንድ ሆነው ደረቁ። ርዕሰ መምህሩም ጽፎ ፈረመበት።

አንዷን ተማሪዬንና አያቷን ሐጂ ሰይድን ይዤ በሚኒባስ ደሴ ስሄድ፣ ውርጌሳ ኬላ ላይ ጠባቂው መሸኛዋን አየና "ይሄ ፎርጅድ ነው!" አለ። ኬላ ጠባቂዎች የሐሰት ማኅተም በምራቅ ይለቃል ስለሚሉ፣ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ ማኅተሙን ፈተገው። አልለቀቀም። በጥፍሩ ፋቀው። ልጅቷ ክንዴን ጭምቅ አደረገችው።

"ቀለም አይደለም ወንድሜ፣ ራሱ ወረቀቱ ነው። እስኪደክምህ ፈትገው!" አልኩት።

እውነትም እስኪደክመው ፈተገው። በመጨረሻ ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወደ ብርሃን አነሱት።

"ወላሂ ልጄ፣ የለቀቀው ምራቅህ ብቻ ነው።"

ሚኒባሱ በሳቅ አውካካ። ጠባቂውም ሳቁ አምልጦት የኬላውን ገመድ ጣለልን።