በኩፖን የታሸ ትከሻ

ተናኘ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ዓለም? ዛሬም ልብስ አሰጣሽ? ጦሳ ተራራ እንዲህ ጉሙን ተከናንቦ ቁጭ ብሎ ይደርቃል ብለሽ ነው... ተስፋሽ ደስ ይለኛል። እኔማ የልጆቹን ካልሲ ሦስት ቀን ሙሉ እያገላበጥኩ ሰለቸኝ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሳትመጪ ቀረሽ አይደል? የእማማ አረጋሽ የልጅ ልጅ፣ የአሞጽ ሰርግ። ጉንፋን ያዛት አሉኝ። ጉንፋን አንዳንዴ ብልህ ነው፣ መቼ መያዝ እንዳለበት ያውቃል።

የቀረብሽን ልንገርሽ፤ ስም ግን አልጠራም። አንዲት ልጅ አለች፣ አንቺ አታውቂያትም። ከወዲያ ሰፈር ትሁን ከወዲህ... ምን አገባን። ጎበዝ ናት። ኮርስ ወስዳ፣ ነጭ ጋውን አሰፍታ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ማሳጅ ጀመረች። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ በር ላይ ቆማ ኩፖን አደለችን። የሚያብለጨልጭ ባለ አበባ ወረቀት፤ ቤትዎ ድረስ መጥተን እናሽዎታለን፣ ሃምሳ በመቶ ቅናሽ ይላል። ከጀርባው ደቃቅ ጽሑፍ አለው፣ የእኔ ዓይን እንኳ አበባው ላይ ቀረ። እናቷም አጠገቧ ቆማ የልጄ እጅ መድኃኒት ነው ትል ነበር። እናት ናት፣ ሌላ ምን ትበል?

እማማ አረጋሽ ያኔ ቁልቁለቱ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ሁለቱም ትከሻቸው ተይዞ ነበር። ሻሻቸውን የምናስርላቸው እኛ ነን። ጭንቃቸው ግን ሻሹ አልነበረም። አሞጽን ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በሰርጉ ቀን አንድ እጃቸውን በእሱ፣ አንዱን በሙሽሪት ራስ ላይ ጭነው ሊባርኩ ስንት ዓመት ሲጸልዩ ኖረዋል። ያቺን ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጧት።

ደወሉ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደወለ። ልጅቷ ስልክ ስታነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው በኩፖን ነው ወይ ብላ ነው። አዎ ካሏት ቀጠሮ ሞልቷል። እኔ ደግሞ ሰይጣን ሹክ ቢለኝ በእህቴ ስልክ ደውዬ ኩፖን የለኝም አልኳት... አሁን ልምጣ ወይ አለችኝ። እንዲህ ነው ሥራ መውደድ።

ለእማማ አረጋሽ ግን በአራተኛው ሳምንት፣ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰችላቸው። እሳቸው ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው፤ ደጃቸውን የረገጠ ሰው እህል ሳይቀምስ እንዴት ሥራ ይጀምራል? በዚያ በማይነሣ እጃቸው ገበታ አቀረቡ። ልጅቷም ጨዋ ናት፣ እምቢ አላለችም። በላች፣ ተጨመረላት፣ ያንንም በላች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ጠብ አላደረገችም። ከዚያ ቀኝ ትከሻቸውን ያዘች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እጇ ወርቅ ነው፤ ቀኙ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ወደ ግራው ትዞራለች ብለው ሲጠብቁ ሰዓቷን አየች።

«እማማ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በር ካንኳኳሁበት ጀምሮ ነው፤ ከጀርባው ተጽፏል» አለቻቸው።

ግራው ሌላ ቀን፣ በሙሉ ዋጋ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል ነበር። ሃምሳ በመቶው ግን ለአንዷ ጌጥ፣ ለሌላዋ ሸክም ሆኖ አረፈው።

ቅዳሜ ፓስተሩ እማማን ወደ መድረክ ጠራቸው። ቀኝ እጃቸው ወጣ፣ አሞጽ ራስ ላይ አረፈ። ግራው... ከወገባቸው አላለፈም። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፣ ጠበቀች። እናቷ ከኋላዬ «የራሳቸውን ልጅ ብቻ ነው እንዴ የሚባርኩት?» ስትል ሰማኋት። ፓስተሩ ነቅቶ ሙሽሮቹን ቦታ አቀያየራቸው፤ የሴትየዋ ፊት ግን ምሳ ተበልቶ እስኪያልቅ አልተፈታም። መዝሙር ሲነሣማ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም የሚሉ ሰዎች መጥተው እማማን ባዩ... በቀኛቸው ጭናቸውን እየመቱ አጨበጨቡ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለምን ለልጅቷ አይነግሯትም ብላቸው፣ «ተይ ልጄ፣ እርጅናዬ ነው፤ የሰው ልጅ እንጀራ አልነካም» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንዲህ ያለ ደንበኛ በኩፖን ይገኛል?

ስለዚህ እኔም ዝም ብያለሁ። የልጅቷን እናት ባገኝ እንኳ ከምርቃት ሌላ ቃል አይወጣኝም። እስቲ አንቺ በእሷ ቦታ ሆነሽ አሜን በይልኝ፣ ተናኘ... ጌታ ልጅሽን ይባርክልሽ። ደጇን በደንበኛ ይሙላው። አንቺንም ዕድሜ ሰጥቶ ለሽበት ያብቃሽ፤ ጉልበትሽ የከዳሽ ዕለት ሰው እጅ አይጣልሽ፤ እማማ አረጋሽን ባሸችበት በዚያው እጇ፣ በዚያው ልቧ፣ ልጅሽ ራሷ ትጡርሽ።