እትዬ ሺዙኖ እና በኤክስ የተሞላው ጽሑፋቸው

ወዳጆቼ፣ እትዬ ሺዙኖ መጀመሪያ ወደዚህ ማተሚያ ቤት የመጡ ዕለት በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ልብስ አጣቢዋ መስለውኝ ቀለም የጠጣ ሽርጣችንን ሁሉ ከምሬ አስታቀፍኳቸው።

«መቼ ይደርሳል?» አልኳቸው።

«ይሄስ መቼ ይታተማል?» ብለው ጥቅላቸውን እጄ ላይ አኖሩት። ለካ ጽሑፍ ነው! በሳምንቱ ሽርጡን እንደወሰዱት መለሱት።

«አልታጠበም እኮ!»

«የእኔስ መቼ ታተመ?»

ኦሳካ ውስጥ ሴት ብዕር ስትይዝ ሰው እንደ በሽታ በሚያይበት ዘመን፣ የመጽሔታችን ጸሐፊ የሆኑት በዚህ ዓይነት ነው።

ከዚያ ወዲህ የእንጨት ጫማቸው ደረጃው ላይ ቋ ቋ ሲል ያልተደበቀ ማነው? ሒራኦካ፣ አንተ አትሳቅ! ከወረቀቱ ጥቅል ጀርባ ያገኘሁህ አንተን ነው። የገጹ ፊደል አንድ በአንድ ተለቅሞ ታስሮ ሳለ ይመጡና «አንዲት ቃል ብቻ» ይላሉ። ያቺ አንዲት ቃል ወልዳ ከብዳ ገጹን ሁሉ ታፈርሰዋለች።

ወጣቶቹ አልደረሳችሁበትም እንጂ ያኔ ሳንሱሩን የሚያስቆጣ ቃል ሲገጥመን እኛው ቀድመን እናወጣና በቦታው የኤክስ ምልክት እንደረድር ነበር። አንዴ አዩትና፣ «አንተ ታኔዳ፣ እኔ ጥልፍ አልሆንልኝ ብሎ ነው ከአማቶቼ ቤት የወጣሁት። አንተ ደግሞ እዚህ ትጠልፍልኛለህ?» አሉኝ።

አንድ ወር ታዲያ የፊደል ለቃሚዎቹ አለቃ ሙናካታ፣ ነፍሳቸው በሰላም ትረፍና፣ መነጽራቸው ተሰብሮ ኤክሱን ሁሉ ከጎኑ ለነበረው ለፍጁል አትክልት አዘገጃጀት ሰጡት። «ፍጁሉን አጥባችሁ ××፤ ከዚያም በድንጋይ ××» ተብሎ ወጣላችሁ። የእትዬ ሺዙኖ «ያገባች ሴት በራሷ ስም ትፈርም፤ በላቧ ያገኘችው የራሷ ይሁን» የሚለው ግን አንድ ፊደል ሳይጎድልበት! ፖሊስ መጽሔቱን ሰበሰበ፣ እሳቸውንም ወሰደ። አንባቢው ደግሞ «መንግሥት ከፍጁል ጋር ምን አጣላው?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን። እትዬ ሺዙኖ ከጣቢያ ሲወጡ ሙናካታ መሬት ላይ ተደፍተው ይቅርታ ለመኑ።

«ኧረ ይነሡ!» አሏቸው። «ሙሉ ሆኜ በዕድሜዬ የታተምኩት ገና አሁን ነው።»

ሳቁን እዚህ ላይ ላቁመው። የድሮ ጽሑፎቻቸው በመጽሐፍ ሊወጡ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በቀደም ወደ እኔ መጥተው፣ «ታኔዳ፣ ከኤክሱ ሥር ምን ነበር ያልኩት?» አሉኝ። የእጅ ጽሑፉ ከተማው በቦምብ ሲነድ አብሮ ነዷል። እኔ አላስታወስኩም፤ እሳቸውም አላስታወሱም።

«እንግዲያው መጽሐፉ ይቅር» አሉ። «ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ወንፊት ነው። ወንፊት አይታተምም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለሟች ባለቤቴ ለሳኤ ሩዟን አቅርቤ የቡድሃን ስም ስጠራ፣ ልቤ ወደዚያው ነገር እየሄደ አስቸገረኝ። እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ፊደሉን እለቅማለሁ እንጂ ምን እንደሚል ልብ የምትለው ሳኤ ነበረች።

እትዬ ሺዙኖ፣ ይስሙኝ። ሳኤ ጽሑፍዎን ጮክ ብላ ስታነብ ኤክሱን ዘልላ አታውቅም። በቦታው የራሷን ቃል ታስገባለች። አንድ የብርድ ወቅት «ሚስት ለባሏ ×××× አይደለችም» የሚለው ጋ ደረሰች። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሚስት ለባሏ የእግር ማሞቂያ አይደለችም» ብላ አነበበችው። እግሬን ከእግሯ ላይ ሰበሰብኩ።

«እውነት እንዲያ ይላል?»

«ዛሬ እንዲያ ነው የሚለው።»

በሌላ ቀን ሌላ ይላል። አልጋ ከያዘች በኋላ ያንኑ መስመር አንብቢልኝ አልኳት። «ሚስት ለባሏ ለሁልጊዜ የተሰጠች አይደለችም» አለች፤ ቀጥላም፣ «ሩዝ መቀቀል ተማር።» ተማርኩ።

እርስዎ ባዶ የሚሉት ቦታ እኛ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። በስንት ቤት እንዲህ እንደተነበበ አላውቅም። የእኛ ቤት ግን በእርስዎ ምክንያት ሁለት ሰው የሚናገርበት ቤት ሆነ። በሳኤም በራሴም ስም አመሰግንዎታለሁ።

የገጾቹን ፊደል ለቅሜ ጨርሻለሁ፤ ኤክሱን እንዳለ ትቼዋለሁ። የቀረው የእርስዎ እሺታ ነው።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ጽዋችሁን ያዙ። እትዬ ሺዙኖ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ቤትዎ ጠያቂ አይጣ! አብረውን ከጠጡ መጽሐፉ ነገ ማተሚያው ላይ ይወጣል። ካልጠጡም ግድ የለም፤ እጃችን እስኪዝል ጽዋውን ይዘን እንቆምልዎታለን።