ፊቴን እንዳታይ

አቶ ተክለ ማርያም በድሮው የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። በአንድ የጥቅምት ማለዳ ወደ ሰመራ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ከሦስት ቀን በፊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ሰመራ ተቀጥራ ወደምትሠራው ልጃቸው ወደ ትዝታ ሄደው ነበርና፣ ሊመልሷቸው ነው።

ከጎናቸው ፍሬምናጦስ የሚባል ወጣት መምህር ተቀመጠ። አዋሽ አርባን እንዳለፉ ሽማግሌው በአንገቱ ያለውን ማዕተብ አይተው ወሬ ጀመሩ።

«ማዕተብ አስረሃል፤ ቃሉን ታውቃለህ ማለት ነው። እስቲ ፍረደኝ። ባል የሚስት ራስ ነው አይልም?»

«ይላል፣ አባቴ።»

«ታዲያ ራሱን ጥሎ የሚሄድ አካል አለ? ሚስቴ ሳታስፈቅደኝ ከቤቴ ወጣች።»

ወጣቱ ታላቅን ማረም እንደሚከብድ ቢያውቅም መለሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያው ቃል ባልን ደግሞ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳት ውደዳት ይለዋል። እሱ ራስ ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብሎ እግር አጠበ። ራስ ማለት እኮ እግር እሾህ ሲወጋው ቀድሞ የሚያውቅ ነው።»

«እናንተ የተማራችሁት ቃሉን ታለሰልሱታላችሁ! የካህኑ የዔሊ ቤት የጠፋው ልጆቹን ባለመቅጣቱ ነው። እኔ ዔሊን አልሆንም ብዬ ነው ቤቴን አጥብቄ የገዛሁት።»

«ልጅ ቀጥተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ተሰልፈው አቧራ ያጨሳሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«እስክንድር የሚባል ልጅ ነበረኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቀ። አገር ሁሉ የሳቀብኝ መስሎኝ፣ ‘ውጣ፤ ሁለተኛ ፊቴን እንዳታይ’ አልኩት። ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከዲቾቶ ደወለ። ‘አባዬ፣ ነገ ልንሻገር ነው፤ ና ካልከኝ እመለሳለሁ’ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ልጅ የለኝም ብዬ ዘጋሁበት።»

ፍሬምናጦስ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ስደተኞች ባሕር የሚያሻግር ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ሁለት ዓመት ሆነ። መደወሉን ለእናቱ ሸሽጌ ኖርኩ። ከሦስት ቀን በፊት ተናድጄ ከአፌ አመለጠኝ። አልጮኸችም። አየችኝና ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።»

«አባቴ፣ ዔሊን ጠቀሱ፤ ዳዊትንስ? አቤሴሎምን ‘ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ፊቴን ግን እንዳያይ’ አለ። ሁለት ዓመት በአንድ ከተማ ሳይተያዩ ኖሩ። በኋላ ‘ምነው በአንተ ፋንታ እኔ በሞትኩ’ ብሎ አለቀሰ፤ ልጁ ግን አልሰማውም። አባቶች ሆይ፣ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።»

ገዋኔን ሲያልፉ ሽማግሌው ታሪኩን በልባቸው ደገሙት። ይህን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ግን ሁልጊዜ የሚያስቡት ያመፀውን ልጅ እንጂ ፊቱን የከለከለውን አባት አልነበረም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ከቃሉ ለሌላው የሚሆነውን በትር እንመርጣለን፣ ለራሳችን የተጻፈውን እንዘላለን።

«እና ሽማግሌ ልላክ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሽማግሌ ይቅር። ራስዎ ገብተው በደሌ ነው ይበሏት።»

«ወንድ ልጅ በሚስቱ ፊት?»

«መባ ይዘህ ስትመጣ የተቀየመህ እንዳለ ካሰብህ፣ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ ይላል። ሚስት ሲሆን ይቀራል አይልም።»

ሎግያን አልፈው ሰመራ ሲደርሱ ቀትር ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም በትዝታ ደጃፍ ቆመው ጠበቋቸው።

«ሊወስዱኝ ከሆነ አልሄድም።»

«ልወስድሽ አልመጣሁም። ልጄን ከደጄ መለስኩት፤ ከአንቺም ሰወርኩት። በደሌ ነው።»

«አንተ ነህ የገደልከው» አሉ ሴትዮዋ። በትዳር ዘመናቸው «አንተ» ብለዋቸው አያውቁም። ሽማግሌው «እኔ ነኝ» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን እርቅ አልወረደም። ትዝታ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጠጥተው ብቻቸውን ወደ አዋሽ ተመለሱ።

ወይዘሮ አስካለማርያም የተመለሱት በታኅሣሥ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው። ኀዘኑ ከቤቱ አልወጣም። ነገር ግን አቶ ተክለ ማርያም ከእንግዲህ ሳያማክሯቸው አንዳች አይወስኑም፤ ማታ ማታ ቃሉን የሚያነቡት እሳቸው ሲሆኑ የሚያስረዱት ሚስታቸው ናቸው። ድሮ አባቷን ስትፈራ የኖረችው ትዝታ ዛሬ የቸገራትን ሁሉ ደውላ ትነግራቸዋለች። እውነት ያለ ፍርሃት የሚነገርበት ቤት ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል፤ የምክር ትርፉ ይኸው ነው።

በየካቲት የድሮ የጣቢያ ባልደረባቸው አብዱናሲር ልጁን ከድሩን ከቤት ማባረሩን ሰሙ። ተነሥተው ሄዱና የራሳቸውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት።

አብዱናሲር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አስተግፊሩላህ» አለ። «ልጁ ጭፍራ ከተማ አጎቱ ዘንድ ነው።»

«እንግዲያ ጭፍራ መንገድ አለው» አሉ አቶ ተክለ ማርያም። «የእኔ ልጅ ያለበት ግን መንገድ የለውም። ተነሥ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»