የአባ መቀርቀሪያ አምስት ቁልፎች

ቁልፍ ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «አባ መቀርቀሪያ» ይለዋል። እሱም ያውቃል፤ ቅር አይለውም። የአገሩ በር ሁሉ በእጁ ያለፈ ባለሙያ የራሱ በር አምስት ቁልፍ ቢኖረው ምን ይገርማል ባይ ነው። የሚገርመው ሌላ ነው። ይህ ሰው እሑድ እሑድ በጸሎት ቤት ከምእመናን ፊት ቆሞ «ጌታ ሆይ፣ ጠባቂያችን አንተ ብቻ ነህ» እያለ እንባ በእንባ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሚስቱን ቤት ትቶ፣ በሩን ከውጭ በአምስት ቁልፍ ከርችሞ፣ ቁልፎቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ ሱቁ ይሄዳል።

አንድ ቀን በቀትር ሞረድ ሊገዛ ከሱቁ ሲወጣ ከእህቱ ልጅ ጋር መንገድ ላይ ግጥም አሉ። ልጅቱ ነርስ ናት። ሰላምታዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አጎቴ፣ ከቤትዎ መምጣቴ ነው። እትዬን ልጠይቅ ሄጄ በበሩ ቀዳዳ አውርቻት ተመለስኩ።»

«እና? ደህና ናት አይደል?»

«ራሴን ያዞረኛል አለችኝ። ድምጿም ደክሟል። ኧረ አጎቴ፣ እስረኛ ሲጠየቅ እንኳ ፊቱ ይታያል!»

ቁልፍ ሠሪው ሳቀ። «ልጄ፣ አንቺ የሰው ክፋት አልገባሽም። ከጎናችን ያለው ግንበኛ ታስሮ የወጣ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ? ሦስተኛውን ቁልፍ የጨመርኩት እሱ የተፈታ ዕለት ነው።»

«እግዚአብሔር ይጠብቃል ብለው የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ይጠብቃል እንጂ! ግን እግዜርም ቢሆን የሚረዳው ራሱን የሚረዳውን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ቁልፍ ጥንቃቄ ነው። አምስት ቁልፍ ግን ሌላ አምላክ ነው። በአፍዎ አንዱን ያመሰግናሉ፣ በልብዎ በሌላው ይታመናሉ።»

እውነትን ከታናሽ አፍ መስማት አንቱታን ለለመደ ሰው ይመራል። ሊቆጣ ቃጣው። ሆኖም ሚስቱ «ራሴን ያዞረኛል» ያለችው ነገር ውስጡን ስለበላው፣ እየተነታረኩ አብረው ወደ ቤት አመሩ።

ሲደርሱ ከበሩ ሥር ጭስ ይወጣል።

«አንቺ! አንቺ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። አንደኛውን ከፈተ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛው ላይ ቸኮለ። ቁልፉን ከቶ በጉልበት ሲያዞረው ቀጭ አለና ግማሹ ውስጥ ቀረ። ይህ «ያለ ቁልፉ እኔም ራሴ አልከፍተውም» እያለ የሚኩራራበት ሥራው ነበር። አልዋሸም፤ መክፈት አቃተው። መስኮቱም እሱ ራሱ በበየደው ብረት ታጥሯል።

ነርሷ ጩኸቷን አቀለጠችው። ግንበኛው መዶሻ እንደያዘ ብቅ አለና ጭሱን አየ። በሩን አንዴ እንኳ ሳይነካ ተመልሶ ወደ ራሱ ቤት ሮጠ። ወዲያው የጋራ ግድግዳቸው ይደበደብ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶም «አለች! ትተነፍሳለች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቁልፍ ሠሪው በግንበኛው ቤት ዞሮ፣ በተከፈተው ሽንቁር በደረቱ ተስቦ ወደ ገዛ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ወድቃለች፤ ድስቱ አርሮ ከስሏል። ተሸክመው ወደ ግንበኛው ቤት አሻገሯት። ነርሷ የደረቷን ልብስ እያላላች፣ እያራገበች ነፍሷን መለሰችላት።

ያን ጊዜ ቁልፍ ሠሪው ሽንቁሩን ዘወር ብሎ አየው።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለ።

«አሥርም አይሞላ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው ጋሼ፤ የገነባሁት እኔ አይደለሁ?»

«እንዲህ በቀላሉ እንደሚፈርስ... ታውቅ ነበር?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልገባህም?»

ግንበኛው ጥያቄው ራሱ አስደነገጠው። «የሰው ቤት? እግዚአብሔር እያየኝ?»

ቁልፍ ሠሪው ክው አለ።

«ሰሙ አጎቴ?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀዎት ብረቱ አይደለም። እግዚአብሔር በዚህ ሰው ልብ አድሮ ጠበቀዎት። እርስዎ ግን ምስጋናውን ለጓጉንቸር ሰጡ።»

«ነገ ሌባ ቢመጣስ?» አለ፣ ለመሸነፍ ጥቂት ሲቀረው።

«ሊመጣ ይችላል። በእግዚአብሔር መታመን ክፉ አይነካኝም ማለት እኮ አይደለም፤ ቢነካኝም ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። እርስዎ ሌባን ብለው፣ እሱ የሚልክልዎትን ረዳትም አብረው ውጭ ቆለፉበት።»

ቁልፍ ሠሪው መፍቻ ፍለጋ ተነሣ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱን ቁልፎች በገዛ እጁ ነቀለ።

አሁን በሩ ባለ አንድ ቁልፍ ነው፤ መለዋወጫው ግንበኛው ዘንድ ይቀመጣል። ቀን ቀን በሩ ገርበብ ይላል፤ ሚስቱ ጠያቂ አላጣችም፣ ሳቋም እስከ መንገድ ይሰማል። እሱም ከሥራው መሀል እየተነሣ መቆለፉን ለማየት በር ልነቅንቅ ብሎ ከመሮጥ ዐርፏል። ሱቁ መጥቶ ሁለተኛ ቁልፍ የሚጠይቀውን ሁሉ «ከጎንህ ማን አለ? ሰላም ትለዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ገበያው ግን አልቀነሰም።

ምን እንዳሳመነው ሲጠየቅ፣ የእህቱን ልጅ ክርክርም ግድግዳውንም አያነሣም። ሚስቱ ያን ዕለት ዓይኗን ገልጣ ያለችውን ብቻ ይናገራል። እንዲህ ነበር ያለችው፦

«ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። በኋላ ግድግዳው ሲደበደብ ሌባ መሰለኝ። ‹ጌታ ሆይ፣ ሌባም ቢሆን ይግባልኝ› ብዬ ጸለይኩ።»