የቦዩ በር መዘውር

ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ስንጓዝ በሚኒባሱ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት አምስት ሆነን ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አንድ የብረት መዘውር ታቅፈዋል፤ ሾፌሩ ሲደክመው ሊተኩት መስሎኝ ነበር። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ የምንድን ነው?»

«የመስኖ ቦያችን በር መክፈቻ ነዋ። ወደ ቀኝ ሳዞረው የበሩ ላሜራ ይነሳና የወንዙ ውሃ ወደ ቦዩ ይገባል። ወደ ግራ ሳዞረው ይዘጋል። ልጆች እንዳይነካኩት ነቅዬ ይዤው ነው የምሄደው።»

«አሁን ዘግተውታል?»

«ዛሬ የጎረቤቴ ተራ ስለሆነ፣ ጎመኗን ታጠጣ ብዬ ክፍት ተውኩላት።»

«ያንን ደመና አይተውታል?»

ሽማግሌው በመስኮቱ አዩ።

«ወይኔ! ወንዙ ከሞላ በቦዩ ገብቶ ማሳዋን ይጠርግባታል። ባለቤቴ ደግሞ ቦንጋ ሆስፒታል ተኝታ በዚህ ፔርሙስ የያዝኩላትን አጥሚት እየጠበቀች ነው።»

«ይመለሱ። ፔርሙሱን እኔ አደርስልዎታለሁ።»

«አታውቂያትም እኮ፣ ልጄ!»

«ስማቸውን ይንገሩኛ።»

«አስቴር። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ናት።»

«ለምን ቀሩ ቢሉኝስ?»

«በሩን ክፍት ትቶ መዘውሩን ይዞ መኪና ከተሳፈረ በኋላ ሊዘጋው ተመለሰ በያት። ትስቅብኛለች። ከታመመች ወዲህ አልሳቀችም።»

«ከሳቁ እደውልልዎታለሁ። ቁጥርዎን ይስጡኝ።»

ቁጥራቸውን አስመዝግበው ፔርሙሱን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ወራጅ አለ!» አሉና መዘውራቸውን ታቅፈው ወረዱ።

እኔም እስከ ቦንጋ ድረስ ያንን ሰማይ በሆዴ «ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» እያልኩ ለመንኩት።