ተራ ወታደር

ከነፋስ ስልክ ወደ መካኒሳ በሚሄደው የጠዋት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት በረጅሙ ስትተነፍስ፣ አጠገቧ ያሉት ባለከዘራ ሰው ዘወር አሉ።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?»

«ምንም አይደል ጋሼ። ትናንት ብዙ ወታደሮቼ አለቁብኝ።»

«የምን ወታደር?»

«ቢሮ ኮምፒውተር ላይ በምሳ ሰዓት የምጫወተው ጌም ነው። አንዴ እኔ አዛለሁ፣ አንዴ ጠላት ያዛል፤ በየተራ ነው። በቁጥር እኛ እንበልጥ ነበር። ግን ጦርነቱ ሲረዝም ይሰለቻቸዋል፤ ከሰለቻቸው ደግሞ መዋጋት ያቅታቸዋል።»

«የሠራው ሰው ወታደር ነበር ማለት ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ተራ ወታደር ነበርኩ። ጥይት ሞልቶን ክንዳችን እምቢ ይለን ነበር። መፍትሔ የለውም?»

«አለው። ከተማ መልሼ ትንሽ ባሳርፋቸው ይበረታሉ።»

«ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ቆዩ?»

«አርባ ተራ።»

«አርባ ተራ ሙሉ ቤታቸውን ሳያዩ! አሳርፊያቸው እንጂ!»

«ጠላት ይቀድመኛላ፣ ጋሼ።»

«የኛም አዛዥ እንዲሁ ይል ነበር።»



«እሺ፣ ዛሬ እንደገባሁ የተረፉትን እመልሳቸዋለሁ።»

«ተባረኪ። ስም አላቸው?»

«የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።»

«እንግዲያው አንዱን ታደለ በይልኝ።»

«ታደለ እርስዎ ነዎት?»

«አይ፣ እኔማ ተመልሻለሁ።»

ጎፋ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ እነሱን ስሰማ «ወራጅ አለ» ሳልል መካኒሳ አቦ ደረስኩ።